ከወንዶቹ እኩል ቆማ

ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ፤ እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ልጆቹስ? እማዬ ጉልበቷን አሁንም ያማታል? እኔ አለሁ፣ አለሁ ካሉት። ፊደሉ ቢጣመም አትሳቂብኝ።

ያቺ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ስንተኩስ ከጎኔ ትቆም የነበረችው፣ ሳቂታዋ የምልሽ፣ ፍርድ ቤት ተረታች። በሥራ ሰዓት መቀመጥ ክልክል ነው ብዬሽ የለ? ነፍሰ ጡር ሆና እግሯ ሲያብጥባት ጨርቅ ክምር ላይ ትንሽ ቁጭ ብትል ካቦው አያትና አባረሯት። ከሰሰች። ሕገ መንግሥቱ ሰው ሁሉ እኩል ነው ይላል አሉ፣ ጠበቃዋም በሱ ነው የተከራከረችላት። እኛም እንርዳት ብለን ትልቋን ተኳሽ ለምስክርነት ላክናት። እሷ ደግሞ ልጅቷ ሰነፍ እንዳትባል ብላ፣ ክቡር ዳኛ፣ ይቺ ልጅ ከወንዶቹ እኩል ቆማ ነው የሠራችው፣ ማንም አልለያትም ብላ አረፈችው! እኛ ከኋላ ሆነን እልል ልንል ምንም አልቀረን። ለካ ማነቂያ ገመዱን ያቀበልነው እኛው ነን! ዳኛው ምን ቢል ጥሩ ነው፣ ደንቡ ወንድ ሴት ሳይል ሁሉንም እኩል ያቆማል፣ ምስክርሽም ማንም አልለያትም ብላለች፣ ታዲያ አድልዎው የቱ ጋ ነው? ይሄን ሁሉ ያለው ተቀምጦ ነው እኮ! እሷ አራሷ ልጇን አቅፋ ቆማ። ወንድ ሆዱ አይገፋ፣ እግሩ አያብጥ፣ ምኑ ነው እኩሉ?

አሁን የደበቅኩሽን ልንገርሽ፤ እኔም አርግዣለሁ። በሽርጤ ጠፍንጌ ይዤዋለሁ። ጠበቃዋ ይግባኝ ልትል ነው፤ እኩል ማለት የተለያየውን ሰው በአንድ ልክ መስፋት አይደለም፣ ገና ሥራ ላይ ያለች ነፍሰ ጡር አብራት ብትከስ የበላይ ዳኞች ያዩት ነበር አለችን። ተኳሾቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ፣ ለካ ያውቃሉ! ባሌ እዚያው ግቢ ዕቃ ጫኝ ነው፣ ሁለታችንንም ያባርሩናል፣ ሆድ ይፍጀው በይና ቁሚ ይላል። እኔም ፈራሁ። ትናንት ግን እንፋሎቱ ፊት ዓይኔ ጨልሞ ካውያው ላይ ልወድቅ ስል ልጁ ረገጠኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ዛሬ ጠበቃዋ ጋ ሄድኩ። ገና ሳልናገር ወንበር ስባ ተቀመጪ አለችኝ። ዕንባዬ ቀደመኝ። ተቀመጥኩና ክሱ ላይ ፈረምኩ። ባሌ ገና አልሰማም።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ልጆቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን። እማዬን ቆማ ስትሠራ ካየሻት፣ ልጅሽ ቁጭ በይ ብላሻለች በያት።

ታናሽሽ
ከተኳሾቹ ሰፈር፣ ሰኔ ፫