ስለ መቃብሩ ዶቅማና ስለ ወዳጅ አገር መኮንኖች

ባሕር ዳር፣ ዓርብ ሚያዝያ 12 ቀን 1982 ዓ.ም.
የጠዋቱ ቆጠራ፦ ጨው ሰባት ኩንታል፣ ቡና ሁለት፣ ከደልጊ በጀልባ የመጣ ሽምብራ አራት። ለማፍጠሪያ የሚሆን ተምር ዛሬም አልገባም።

ለተከበሩ ጓድ አስናቀ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። በዚህ በሚያዝያ ፀሐይ ራስዎን እንዳያምዎ፣ ከቢሮዎ ደጅ የተረፈችው አንዲት ዛፍም ጥላዋን እንዳትነፍግዎ ምኞቴ ነው። እኔ ሰላሁዲን ኑርሑሴን፣ ከገበያው ዳር የምነግደው፣ በዕለት ማስታወሻዬ የጻፍሁትን ይህን ቃል ገልብጬ በሱቄ በር ላይ መለጠፌ፣ ሥራ የሚበዛብዎን ሰው ቢሮዎ ድረስ እየተመላለስሁ እንዳላስቸግር ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ዛፍና ስለ ሐይቅ ዳር ጥበቃ የወጣውን መመሪያ በስብሰባ ስላነበቡልን አመሰግናለሁ። ይህን ስል አላሾፍም። ሐይቁ በየክረምቱ ደለል ሲጠጣ፣ ደንገሉ ሲሳሳ፣ ጀልባ ይጠጋበት የነበረው ዳር ጭቃ ሲሆን ያየሁ ሰው ነኝና፣ መመሪያውን ደግፈው እጃቸውን ካወጡት የመጀመሪያው እኔ ነበርሁ። በሳምንቱ ለጥርስ መፋቂያ አንዲት የወይራ ጭራሮ ቀጥፌ ብገኝ፣ የአብዮት ጥበቃዎችዎ በቀበሌው እስር ቤት ማሳደራቸውም ተገቢ ነበር፤ ሕግ ከትንሹ ይጀምራል ብዬ ጥርሴን ሳልፍቅ አደርሁ።

ሁለተኛ፣ በዚያው ስብሰባ ከወዳጅ አገር ጦር ጋር ስላለን ትብብር እንድንወያይ ስለፈቀዱልን ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ውሳኔው ከውይይቱ ቀድሞ መነበቡ ጊዜ ቆጥቦልናል። መኮንኖቹ ሐይቁን ሊጎበኙ ስለሚመጡ ለአቀባበሉ ቅስትና ለክብር መቀመጫው ግንድ እንደሚያስፈልግ፣ ቅርቡም የእስላም መቃብሩ ዛፍ እንደሆነ በነገሩን ጊዜ ጎረቤቴ እማማ ባንቺአየሁ ተነሥተው የተናገሩትን ቃለ ጉባኤው ስላላሰፈረው እኔ ላስፍረው፦ «ልጄ፣ ሰላሁዲን ጭራሮ ቢቀጥፍ ወንጀል፣ እናንተ ከሙት ራስጌ ግንድ ብትገነድሱ ወዳጅነት? ምነው፣ እንግዳው ምስጥ ነው እንዴ?» አዳራሹ ሳቀ። እርስዎም «እማማ ይቀመጡ፤ ይህ የመከላከያ ጉዳይ ነው። ዛፍ ተመልሶ ይበቅላል፣ ወዳጅ ግን አይበቅልም» ብለው ሳቁን በጭብጨባ አስቀየሩት።

ሦስተኛ፣ በመቃብሩ ከነበሩት ዛፎች አንዷ ዶቅማ ነበረች። ከሥሯ፣ በሐይቁ በኩል፣ ባለቤቴ ኡሙሰልማ ተኝታለች። በእኛ ቤት መቃብር ላይ አይገነባም፣ ስምም አይጻፍም፤ ምልክቷ ዶቅማዋ ብቻ ነበረች። ቅጠሏ አይቀጠፍም፤ ፍሬዋንም ወፍ እንጂ ሰው አይለቅመውም ነበር። በዒድ ቀን ከሶላት በኋላ፣ ልጄ አስያ ከወረታ መጥታ፣ ከግንዷ አጠገብ ቆመን ዱዓ እናደርግላታለን። ጥር ላይ ለንግድ ደልጊ ሰንብቼ ስመለስ ግን ዛፎቹ ተቆርጠው፣ ጉቷቸው ተነቅሎ፣ መሬቱ ለእንግዶቹ መኪና ማቆሚያ በትራክተር ተደልድሎ አገኘሁት። መቃብሯን የቆፈሩት ሽማግሌ አርፈዋል። እኔ ጆንያ አይቼ ክብደቱን የማልስት ሰው፣ ሚስቴ የተኛችበትን ቦታ አጣሁት። ጓድ ሊቀመንበር፣ ከዚያ ወዲህ በዚያ ሜዳ ሳልፍ ጫማዬን አወልቃለሁ፤ በማን ላይ እንደምረግጥ አላውቅምና።

አራተኛ፣ ስለ አቀባበሉ። መኮንኖቹ ከመኪናቸው ወርደው ከቅስቱ ሥር ጥቂት እንደቆሙ፣ ፊቱ በፀሐይ የቀላው ጎልማሳ በአስተርጓሚው በኩል «እዚህ አካባቢ የምንጠለልበት ዛፍ የለም?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እርስዎ የዶቅማውን ምሰሶ ተደግፈው «በማስተከል ላይ ነን» ማለትዎን ሰምቻለሁ፤ ፈጣን መልስ ነበር። አሁን እነዚያ ወዳጆች ወደ አገራቸው ጠቅልለው ሊገቡ ነው እየተባለ ይወራል። እኛ ነጋዴዎች ከሸሪክ ስንለያይ የእሱን ለእሱ፣ የእኛን ለእኛ እናካፍላለን። በዚህ ሽርክና ለእኛ የደረሰን ሜዳው ነው።

ዒድ ሳምንት አይሞላውም። አስያ ስለ ዛፎቹ አልሰማችም፤ እኔም ልጽፍላት ጀምሬ ብዙ ጊዜ ትቼዋለሁ። መጥታ «እናቴ የት ናት?» ስትለኝ ወዴት ልጠቁማት? ዛፎቹ ይመለሱ፣ ጥፋተኛ ይጠየቅ አልልም። ሲቆረጥ ቆመው ያሠሩት እርስዎ ነዎትና፣ ዶቅማዋ የት ቆማ እንደነበር መጥተው በጣትዎ ቢያሳዩኝ ይበቃኛል። እንደ ሊቀመንበር ባይሆንልዎ፣ እንደ ጎረቤት ይምጡ።

ወዳጅዎ እንዲበረክት፣ ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ከእርስዎም ራስጌ ማንም መጥረቢያ እንዳያነሣ ከልብ እየተመኘሁ፣ ዘወትር ለስብሰባ የምቀመጥ፣ ሲታዘዝ የማጨበጭብ፣

አክባሪዎ ሰላሁዲን ኑርሑሴን

ማስታወሻ፦ የዶቅማ ችግኝ ይዤ ወደ ሜዳው ብሄድ፣ ያለ ፈቃድ መትከልም በመመሪያው ክልክል ነው ብለው ጥበቃዎችዎ መልሰውኛል። መመሪያው አሁንም እንዳልላላ በማየቴ ደስ ብሎኛል።

በር ላይ የማይለጠፍ፦ ነገ በጠዋቱ መኪና ወደ አንበሳሜ ከተማ መሄድ። ዶቅማዋን የቆረጠው አናጢ፣ አዘዘ፣ እዚያ ገብቷል ይላሉ። ፈልጎ ማግኘት፤ የት ቆማ እንደነበር ሳልቆጣ መጠየቅ።