ስታንድባይ ማለት

ጥቅምት 8
የእሳት አደጋ መኪና ሹፌር ከሆንኩ ሁለት ሳምንት። ዛሬም ከአውሮፕላን ማረፊያው ግቢ ንቅንቅ ሳንል ዋልን። ቱቦ ዘረጋን፣ ቱቦ ጠቀለልን። ሰሌዳው ላይ ከስሜ ጎን «ስታንድባይ» ይላል። መዝገበ ቃላት አየሁ... «ተጠባባቂ»። ወንበር ለማሞቅ ነው እንዴ ያን ሁሉ ወር የሰለጠንኩት?

ጥቅምት 11
አለቃችንን ጋሽ ቀስበል ይሏቸዋል፤ «ቀስ በል» ከአፋቸው አይጠፋም። ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ሠርተዋል። ጠዋት እያንዳንዱን ጓንት እየገለበጡ ሲያዩ፣ «ትናንት አይተውት የለ?» አልኳቸው።
«ትናንት ያየሁት ለትናንት ነበር፣ ልጄ።»
ስለ ስታንድባይም ጠየቅኳቸው። ሳቁ። «ቁጭ ብለሽም ቢሆን እንደ ቆምሽ ነሽ ማለት ነው። ከበረራ መቆጣጠሪያው ማማ በሬዲዮ ሲመጣ ግን ሌላ ነው። ቆይ፣ እስክጠራሽ እንዳትነቃነቂ ማለት ነው።»
አንዱ ቃል ተዘጋጂም፣ ቆይም? ፈረንጅ ደግሞ!

ጥቅምት 19

ከሰዓት በኋላ ማማው ጠራን። የፊት ጎማው አልወርድ ያለ አውሮፕላን ሊያርፍ ነው፤ አርባ አንድ ሰው ይዟል። ማኮብኮቢያው ዳር ቆመን ጠበቅን። መጣ... አፍንጫው አስፋልቱን ሲነካ እሳት ተፈናጠረ። ጋሽ ቀስበል በሬዲዮ «እንግባ?» አሉ።
«ስታንድባይ!» አለ ማማው።
እኔ ግን ነዳጁን ረግጫለሁ! እሳቸው የእጅ ፍሬኑን ሳቡት። «ቆይ ነው ያሉሽ!»
አውሮፕላኑ መስመሩን ስቶ እፊታችን ተንሸራቶ አለፈ። ልገባበት በነበረው ቦታ... ልክ በዚያ።
«ግቡ!» ሲባል ያ ቀስ የሚሉ ሰውዬ የት ሄዱ? የአውሮፕላኑ በር ጋ መጀመሪያ የደረሱት እሳቸው ናቸው። አንዲት አሮጊት አዝለው ሲወጡ በዓይኔ አየሁ። አርባ አንዱም ተረፉ።

ጥቅምት 20
ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። መኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ነበር።
«እኔም በጀማሪነቴ ረግጫለሁ» አሉኝ። «ያኔ ፍሬን የሚስብልኝ ሰው አልነበረም።»
 ያኔ ምን እንደደረሰ አልጠየቅኳቸውም። እንዲህ ያለ ነገር ተሸክሞ ሃያ ስድስት ዓመት በየጠዋቱ እዚሁ መምጣት... ምን ዓይነት ሰው ናቸው?

ኅዳር 14
ጋሽ ቀስበል ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቋት ሄደዋል። በዚህ ሁሉ ዓመት ፈቃድ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው አሉ። ዛሬ ሊመለሱ ነበር። ጠዋት ምክትላቸው ጋ ደውለው፣ «በዚህ ሳምንት የመኪናውን መሪ የያዘው ማነው?» ብለው ጠየቁ። ስሜን ነገራቸው።
«እንግዲያው ሁለት ቀን ጨምርልኝ» አሉት።
ምክትሉ ሲነግረኝ እሺ ብቻ አልኩ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።