ወተት ወተት የሚል ጭስ

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል። ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ። ሊፍቱ ሲበላሽም ስድስት ፎቅ በእግሬ እወጣለሁ። ሲጋራ ማቆም ብቻ ነው ያቃተኝ።

ልጄ ሳባ ባለፈው እሑድ ከሰፈሯ ከኢስት ዮርክ ስትመጣ ቬፕ የሚሉትን የኤሌክትሪክ ሲጋራ ይዛልኝ መጣች። የልጅ መጫወቻ ነው ብዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ዛሬ ሲጋራዬ አለቀ፤ በረዶው ደግሞ ሱቅ አያስኬድም። በረንዳ ወጥቼ አንዴ ሳብኩት። ወተት ወተት አለኝ። በዐቢይ ጾም!

ወዲያው ኮል አደረግኩላት።

«አንቺ ልጅ፣ ጾሜን አስገደፍሽኝ!»

ሳቀች። «አባዬ ደግሞ! ወተት የለበትም እኮ፣ ፍሌቨር ብቻ ነው። ሲጋራውስ አያስገድፍዎትም?»

«ሲጋራ ምግብ ነው እንዴ?» ብዬ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት።

ከዚያ ሟች ሚስቴ ትዝ አለችኝ። እናቷም በሕይወት ሳለች በየጾሙ ይህንኑ ትጠይቀኝ ነበር። እኔም ይህንኑ እየመለስኩ ዝም አሰኛት ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ።

እንግዲህ ዕዳዬን ማንም አይከፍልልኝም። ለሳባ ደውዬ ይቅርታ እላትና ጣዕም የሌለውን እንድታመጣልኝ እነግራታለሁ። ለንስሐ አባቴም ራሴ እናገራለሁ። ለሚስቴ ስል ደግሞ እስከ ፋሲካ ሲጋራ አልገዛም።

ከፋሲካ ወዲያ ያለውን እንጃ።