ቱታህን የለበሱ ተርኪዎች

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ አባርቶ

ለዝምተኛው ባለቤቴ፤

ባለህበት ሰላም ያግኝህ። ዓይንህን ከብየዳው ብልጭታ፣ ሆድህን ከፋብሪካው ምግብ ቤት ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ልብስ ስፌቱም ደህና ነው፤ ጉልበቴ ብቻ ፔዳሉን ስረግጥ አንዳንዴ ያጉረመርማል። ስልክ ላይ እኔ እጮሃለሁ፣ አንተ ትተነፍሳለህ፣ ከዚያ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ጽፌ ለወንድምህ ብሰጠው ይሻላል ብዬ ነው። ነገ ማለዳ መኪናውን ጭኖ ወደ አንተ ይመለሳል።

መልእክትህ ደርሶኛል። ወንድምህ በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ፣ «ኮንትራቱን አራዝሟል። እዚያው ሊቀጥል ነው። ተርኪዎቹን ሽጪያቸው ብሏል» አለኝ።

«ሌላስ?» አልኩት።

«ሌላ እንኳ አላለም።»

ምስኪን፣ ላቡ ጠብ እያለ ነበር። ቁጭ በል ብለው እምቢ ብሎ ሄደ። «ሽጪያቸው» የምትለዋን ቃል ከዚያ ወዲህ ሳገላብጣት ሰነበትኩ። ተርኪዎቹ፣ እነዚያ የፈረንጅ ዶሮዎችህ፣ ከተሸጡ በዚህ ግቢ ውስጥ ተመልሰህ «እንዴት ሆኑ?» የምትለው ነገር አይኖርህም። የላክብኝ እሱን ነው፤ የገባኝም እሱ ነው። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን ሽጪያቸው ያልካቸው እነማን እንደሆኑ ልንገርህ፤ ትተሃቸው የሄድካቸው አይደሉምና።

መጀመሪያ ነገር፣ ቱታህን ለብሰዋል። ወንዱ ተርኪ፣ ሊቀመንበሩ፣ ፍቅር ሲይዘው እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ። ጅራቱን ዘርግቶ፣ ፊቱ አንዴ ቀይ አንዴ ሰማያዊ እየሆነ ይንጎራደድና ሴቶቹ ጀርባ ላይ ሲወጣ ጥፍሩ ላባቸውን ይመለምለዋል። የነጠብጣቧ ጀርባ ቆስሎ ሳየው አንጀቴን በላችኝ። መኖ ሻጯ፣ ትልልቅ እርባታ ያላቸው ሰዎች ለሴቶቹ የሸራ መደረቢያ እንደሚያለብሷቸው ነገረችኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ሆኜ ከእነሱ ላንስ? ሸራ ባጣ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ፤ ሰማያዊው ቱታህ እዚያ ተንጠልጥሎ ያየኛል። ቀደድኩት። በክንፋቸው ሥር የሚያልፍ ማንገቻ ሠርቼ ለሁሉም ለካሁላቸው። ነጠብጣቧ የደረት ኪስህን ነው የለበሰችው። ከብየዳ ብልጭታ የተበሳሳው ጉልበትህ የደረሰው ለሌላዋ ሴት፣ ለወይዘሮዋ ነው።

አንዳንድ ማለዳ ጉም ግቢውን ሲሞላው እግራቸውም አንገታቸውም አይታይም። ሰማያዊው ጨርቅ ብቻ ጉሙ ላይ ቀስ እያለ ሲንሳፈፍ አያለሁ። ተከፋፍለህ ግቢውን የምትዞር ይመስለኛል፤ አንዱ ጉልበትህ ወደ ቧንቧው፣ ኪስህ ወደ ዛፉ። አልፈራም። ጥርሴን እየቦረሽኩ ደጃፉ ላይ ቆሜ አያችኋለሁ። ፀሐይ ወጥታ ተርኪ ብቻ ሲሆኑ ትንሽ ቅር ይለኛል።

ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩም አለ፣ እንደተቆጣ። እኔ ማሽኑን ስረግጥ ሊቀመንበሩ «ጉልጉልጉል» ብሎ ይመልስልኛል፣ በአጥሩ ማዶ ያለው ደንበኛ ደንግጦ ይዘላል። «ሴትዮ! ይሄ ወፍሽ አንድ ቀን የሰው ጆሮ ያስቆርጠኛል!» እያለ ይጮሃል። ለምን እንደማትሸጪው አይገባኝም ይለኛል በየሳምንቱ።

አሁን የምነግርህን ሰምተህ ስቀህ እንዳትሞት። በመጀመሪያው ዙር ወይዘሮዋ የታቀፈቻቸውን እንቁላሎች አጠብኳቸው። በሳሙና። ጭቃና ኩስ ለጥፎባቸው እያየሁ እንዴት አስችሎኝ ልለፍ? ለብ ባለ ውሃ አሽቼ፣ በንጹህ ፎጣ አድርቄ መልሼ ከሥሯ አደረግኩላት። ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ሳምንታት ታቅፋ ከቆየች በኋላ አንዱ እንቁላል ጧ ብሎ ፈነዳና ሽታው ፀጉር ቤቱን ባዶ አደረገው። መኖ ሻጯ ስትሰማ ራሷን ያዘች። «እህቴ፣ እንቁላል እኮ ላዩ ላይ የማይታይ ልባስ አለው! እሱን አጥበሽ ስትጥዪ ጀርሙን ግባ ነው ያልሽው» አለችኝ። የእኔ ንጽሕና ስንቱን ፈጀ መሰለህ።

የተበላሹትን ከሥሯ ሳወጣባት አልነቆረችኝም። ባዶውን ጭድ በመንቁሯ ስትፈልግ፣ ቦታ ቀይራ ስትቀመጥ፣ ብድግ ብላ እንደገና ስታይ ዋለች። እኔ ያንን ፍለጋ አውቀዋለሁ። ገብቼ ማሽኑ ላይ ተቀመጥኩና ክር ሳላስገባ እስኪመሽ ረገጥኩት።

ሁለተኛውን ዙር ከእኔ ደብቃ ጣለችው፤ እውነቷን ነው። ሳትጨርሰው ግድግዳው ላይ አስደግፈኸው ከሄድከው የብረት በር ጀርባ ነው ያገኘኋት። ቆሻሻ ነበሩ፣ በጣም ቆሻሻ፤ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ተመለስኩ። ጥቂት ቀን ቆይቼ እሷ ለውሃ ስትነሳ አንዱን በጨለማ በባትሪ አየሁት። ውስጡ ቀጫጭን ቀይ ክሮች ተዘርግተዋል፣ መሐሉ ላይ አንድ ነጥብ ይንቀሳቀሳል። ስንት ዓመት ክር ሳይ ኖሬ እንደዚያ ያለ አላየሁም። ቀስ ብዬ መለስኩላት።

የተፈለፈሉ ዕለት የወረደው ዝናብ ግን ሌላ ነው። ግቢው ኩሬ ሆነ። ውሃው በብረቱ በር ሥር ገብቶ ስደርስ ወይዘሮዋ ክንፏን ዘርግታ ቆማለች፣ ቱታህ ከላይዋ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ጫጩቶቹ ሥሯ ርሰዋል። «የተርኪ ጫጩት ከራሰ አለቀለት» ትል አልነበር? ሁለቱ እጄ ላይ ቀሩ። የተረፉትን በቀሚሴ ሰብስቤ፣ እናትየዋን በብብቴ ይዤ ሮጥኩ። ሳሎኑ ላይ የሙሽራ ቀሚስ ተዘርግቷል፣ የማሽኑ ክፍል ጣሪያው ያፈሳል። የቀረው ደረቅ ክፍል አንድ ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ ታውቃለህ።

ልጃችን ተወልዳ ሳትሰነብት ስትሞትብን እኔ ያንን በር ዘጋሁት። አንተ ግን ሐዘኑ ሳይወጣልን የተርኪ ጫጩት በካርቶን ይዘህ መጣህና ለእሷ ቢጫ በቀባነው ግድግዳ ሥር አምፖል አብርተህ አስቀመጥካቸው። «ወይ እኔ ወይ እነሱ!» አልኩህ። እነሱን ወደ ግቢ አወጣሃቸው፣ ከዚያ ዝም አልክ፣ ዝም አልክ፣ በመጨረሻ ሁለታችንንም ጥለህ ሄድክ። ምርጫ ስሰጥህ ሦስተኛ መልስ ይኖረዋል ብዬ መች አሰብኩ! ይቅርታ ልጠይቅህ አይደለም የማነሳው። ሳትጠይቀኝ ነው ያስገባሃቸው፣ ዛሬም ያናድደኛል።

በሩ በእርጥበት አብጦ ስለነበር በትከሻዬ ገፋሁት። የቀለሙ ሽታ ትንሽ ቀርቷል። ጀልባ ጀልባ ያለበትን መጋረጃዋን አቧራ በልቶታል። አምፖሉን አበራሁና ጫጩቶቹን ሥሩ ደረደርኳቸው። ሞቃቸው፣ ደረቁ፣ ግን አይበሉም። እናታቸው ክፍሉ አስደንግጧት ጥግ ይዛ ቆማለች። እህል ላይ ቆመው በረሃብ የሚሞቱ ፍጡሮች! የሚያብለጨልጭ ነገር ካላዩ መንቆር አይጀምሩም ብለህ የነገርከኝ ትዝ አለኝ። የልብስ ቁልፍ የማጠራቅምበትን ቆርቆሮ አመጣሁ፤ ትንንሽ ናቸው፣ ይውጧቸዋል ብዬ ፈራሁ። ትልልቅና የሚያበራ ቁልፍ ያለው ያንተ የክት ኮት ላይ ነው። ቆረጥኳቸው። እንግዲህ ቱታም የለህም፣ ኮትህም አይቆለፍም።

ቁልፎቹን ውሃው ሳህን ውስጥና እህሉ ላይ በተንኳቸው። አንዱ ጫጩት አንገቱን ሰብሮ አየ፣ አየ፣ ከዚያ ጠቅ አደረገው። መንቁሩ ላይ የቀረችውን ጠብታ ራሱን ቀና አድርጎ ዋጣት። ሌላው ተከተለው። እኔም ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ጣቴን እንደ መንቁር እያደረግኩ እህሉን ስነካካላቸው እያዩኝ መብላት ጀመሩ። እዚያው አለቀስኩ። ለእሷም፣ ላንተም፣ ለራሴም።

ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝ እዚያ ወለሉ ላይ ጋደም እላለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመጋረጃው ታልፍና የጀልባዎቹ ጥላ ወለሉ ላይ ይዘረጋል። ንፋስ ሲነካው ጀልባዎቹ ይሄዳሉ። ጫጩቶቹ በመካከላቸው ይሄዳሉ፣ አንዳንዱ ጥላውን ሊነቁረው ይሞክራል። ዓይኔ ክድን ሲል አንዲት ትንሽ ልጅ እግሯን ዘርግታ መሐላቸው ተቀምጣ አያታለሁ። ፊቷን አይደለም፣ ማጅራቷን ብቻ። አትዞርም፣ እኔም አልጠራትም። ስነቃ ደረቴ ላይ ጫጩት ተኝቶ አገኛለሁ፣ ልቡ ሲመታ ይሰማኛል።

ያኔ ነው የገባኝ። አንተ ድምፅ ነበር የፈለግከው። እዚያ ክፍል ውስጥ የሚያለቅስ፣ የሚራብ፣ ሙቀት የሚፈልግ ትንሽ ድምፅ። እንደዚያ ብለህ ብትነግረኝ እኮ እሰማህ ነበር። ግን አንተ መች ትናገራለህ!

ይሄ ሁሉ ሆኖ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ልሸጣቸው ነበር። ሰው በግድ አይመጣም፣ የሌላ ሰው ወፍ ታቅፌ እስከመቼ እኖራለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ወንድምህ የረዳኝ መስሎት የትልቁን ሆቴል ሼፍ ቅዳሜ ላከው። ኬሻውን ራሴ አዘጋጅቼ ጠበቅኩት። ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው እየዘለለ ገባና ሊቀመንበሩን በዓይኑ መዘነው።

«ሁሉንም እወስዳለሁ፣ ጫጩቶቹንም ጭምር» አለኝ። «ለመሆኑ ባለቤታቸው አንቺ ነሽ?»

አዎ ልለው ነበር። አፌ ግን፣ «የባለቤቴ ናቸው፤ እሱ ሳይኖር አይሸጡም» አለ።

«የት ነው እሱ?»

«እዚሁ ነው። ሚስማር ሊገዛ ወጣ ብሎ ነው፣ ይመለሳል።»

ሰውየው ዞር ዞር ብሎ አየ። ደጃፉ ላይ የወንድ ጫማ የለም፣ ገመዱ ላይ የወንድ ሸሚዝ የለም። ያንተ የሆነ ልብስ ያለው ተርኪ ላይ ብቻ ነው። ያመነኝ አልመሰለኝም። ቀና ስል ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን ይዞ በአጥሩ ላይ ያየናል። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ይሄ ሰው ለደንበኛው እንኳ «አምሮብሃል» ብሎ አይዋሽም፤ ሊቀመንበሩ ዛሬውኑ ቢሄድለት ደግሞ እልል የሚል እሱ ነው። ሼፉም ወደ እሱ ዞሮ፣ «ታውቀዋለህ ባለቤቷን?» አለው።

ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን ኪሱ ከተተ። «እንዴታ! አሁን ነው በዚህ ያለፈው። ግን እጠብቀዋለሁ እንዳትል፤ ሚስማር ሲመርጥ ይቆያል» አለ።

ሼፉ ከሄደ በኋላ እኔና እሱ ለመተያየት አፈርን። ኬሻውን አጣጥፌ ልገባ ስል፣ «በስተርጅና አስዋሸሽኝ» አለኝ በአጥሩ ማዶ። ቀጥሎም፣ «መቼ ነው የሚመጣው?» አለ። ሊቀመንበሩ መለሰለት።

እንግዲህ አልሸጥኩም። መልሴ ይሄ ነው። ከአሁን በኋላ ይሸጡ ካልክ መጥተህ ራስህ ሽጣቸው። ናፍቀኸኛል፤ ይሄን በስልክ ስለማልለው እዚህ ጻፍኩት። ወሬው ደግሞ በየደጁ ደርሷል፤ መኖ ሻጯ ትናንት ጎረቤቶች ፊት «ባልሽ ተመለሰ እንዴ?» ስትለኝ፣ «ወጣ ብሎ ነው» አልኳት። ሰፈሩ በሙሉ እኔንና ፀጉር አስተካካዩን አምኖ ይጠብቅሃል።

ፈጣሪ እጅህን ይባርክ፤ እሳቱ አይድረስብህ። ብርድ እንዳይመታህ ማታ ማታ ደረብ አድርግ። መንገዱ ይቅናህ፣ ወንድምህም ቀስ ብሎ ይንዳ።

ሚስማሩን ባታገኝም ና።

ባለቤትህ