በሌላ ሰው እጅ የመታሁት አምባሰል

ጥቅምት 14፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ዛሬም ያው። ከት/ቤት መጣሁ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ጊታሩን አነሳሁ። አምባሰልን ጀመርኩ። ሁለተኛዋ ድምፅ ላይ ጣቴ ሳተ። እንደገና። ሳተ። እንደገና። እማ ከጓዳ ሆና፣ ያ ነገር ተበላሽቶ እንደሆነ ለምን አታሠራውም አለችኝ። የተበላሸው እኔ ነኝ አላልኳትም።

ደብተሬ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? የአምባሰል ልጅ ነኝ። አባቴ ውጫሌ ተወልዶ እዚሁ ሐይቅ ከተማ ነው የተቀበረው። እዚህ ዓሣ የሚያጠምደው ሰው ታንኳው ላይ ሆኖ አምባሰልን ሲያንጎራጉር አንዲት ድምፅ አትዛነፍበትም። እኔ ጊታር ታቅፌ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ እሷኑ አጣሁ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝና ካርታ ላይ አሳይ በለኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ አሳይሃለሁ። ክር ላይ ግን የለችም።

ጊታሩን የላከችልኝ ሰዓዳ ናት፣ ታናሽ እህቴ። ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ደብዳቤ አንጻጻፍም፤ እማ ፊደል አትለይም፣ ሰዓዳም ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠችው። በካሴት ነው የምንነጋገረው። ድምፃችንን ቀድተን በመንገደኛ እንልካለን፣ እሷም እንደዚያው። በየካሴቱ መጨረሻ አንድ ጥያቄ አላት፤ ጊታሩን መቼ ነው የምታሰማኝ ትላለች። እኔም በየካሴቱ አንድ ሰበብ አለኝ። ክሩ ተበጠሰ። እጄን አመመኝ። ፈተና እያረምኩ ነው። ሰበብ እያለቀብኝ ነው።

ጥቅምት 17

ቴፑ ድምፅ መጎተት ጀመረ። የእማ ድምፅ እንደ ሽማግሌ ወፍሮ ይወጣል። ጋሽ ደምሴ ዘንድ ወሰድኩት።

ጋሽ ደ. አስፋልቱ ዳር ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑት ናቸው። በደርግ ጊዜ የጦሩ ኦርኬስትራ ውስጥ ጊታር ይመቱ ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን ባዶ እጃቸውን መጡ። ስለዚያ ጊዜ አያወሩም፣ ጊታርም የላቸውም። አንዳንዴ የኔን ጣት ያዝ አድርገው ቦታው ላይ ያስቀምጡልኛል፣ ከዚያ ወደ ብየዳቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ና አሉኝ። ጊታርህንም ይዘህ ና፣ ክሩን ልይልህ።

ጥቅምት 20፣ ከቀኑ 11፡30

ከጋሽ ደ. ዘንድ አሁን ተመለስኩ።

ቴፑ ተሠርቷል። ለመሞከር ባዶ ካሴት ከተው የመቅጃውን ቁልፍ ተጫኑ። የሚቀዳ ድምፅ ስለሚያስፈልግ ጊታሬን ተቀበሉኝ። አምባሰልን መቱ። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሥጋ ሻጩ ቢላውን እንደያዘ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴትዮ ሸክሟን ሳታወርድ ሰማች። ያቺ ሁለተኛዋ ድምፅ ቦታዋ ላይ ቁጭ አለች፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ።

ደስ አለኝ ብዬ ልዋሽህ? ቀናሁ። በገዛ ጊታሬ ቀናሁ። እሳቸው ሲጨርሱ ጊታሩን በእጅጌያቸው ጠርገው መለሱልኝ፣ ቴፑን አምጥተው እጄ ላይ አኖሩ። ካሴቱ ውስጡ ቀርቷል። እኔም ቀርቷል አላልኩም።

ጥቅምት 23

አደረግኩት።

ጅዳ የሚሄድ መንገደኛ ተገኘ፣ ነገ ይነሳል። ቤት ውስጥ የሚቀዳበት ካሴት ያ ብቻ ነው። የጋሽ ደ. ምት ካለቀበት ቀጥሎ እማ ተናገረች፤ ሰላምታዋን፣ የጎረቤቱን ሁሉ ጤንነት፣ ዱዓዋን። ከዚያ ውኃ ልትቀዳ ወጣች። እኔ ወደ ቴፑ ጎንበስ አልኩና፣ ሰዓዳ፣ መጀመሪያ ላይ የሰማሽው እኔ ነኝ አልኩ። ይኸው ነው። ውሸት እንዲህ ይቀላል እንዴ?

አላጠፋሁትም። ጊዜ ነበረኝ። አላጠፋሁትም።

ኅዳር 8

አስፋልቱን ትቼ በውስጥ በውስጥ ነው ት/ቤት የምሄደው። ጋሽ ደ. እንዳያዩኝ። ጊታሩ አልጋ ሥር ነው። እማ ዝም አልክ ትላለች።

ጥር 9፣ ማታ 1 ሰዓት

ደብተሬ፣ ጉድ ሆኛለሁ።

ዘይነባ የምትባል የውጫሌ ልጅ ለዕረፍት ከጅዳ መጥታ የሰዓዳን ካሴት ትናንት አደረሰች። ብንከፍት ቴፑ ካሴቱን መብላት ጀመረ። በስንት መከራ ፈልቅቄ አወጣሁት። ቅዳሜ አሠራዋለሁ ብዬ ተውኩት። እማ ግን የልጇን ድምፅ ፊቷ አስቀምጣ ቅዳሜን አትጠብቅም። እኔ ክፍል ሳለሁ ቴፑንም ካሴቱንም በነጠላ ጠቅልላ ይዛ ሄደች። የት? ጋሽ ደምሴ ጋ።

ስመጣ ዓይኗ አብጧል፣ ፊቷ ግን በርቷል። እዚያው አብረን ሰማነው አለችኝ። ሰዓዳ ያንን አምባሰል ከኋላዋ ከፍታ ነው አሉ የተናገረችው። ዓርብ ዓርብ የወሎ ልጆች አንድ ቤት ይሰበሰባሉ፤ እሱን ከፍተው ያለቅሳሉ። ወንድሜ ነው ብዬ ነገርኳቸው ትላለች።

ጋሽ ደምሴስ ምን አሉ አልኳት። እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ፣ ልጅዎ ጥሩ እጅ አለው አሉኝ። ወላሂ እንደዚያ ነው ያሉት፣ አለች እማ። ኮርታለች።

እራት አልበላሁም።

ጥር 10

ብቻዬን ሰማሁት። እማ ያልነገረችኝ አለ። አሠሪዎቿ በሌላ ስም ነው የሚጠሯት፤ ስሟን የሚያውቅ በቤቱ የለም። ማታ ማታ ካሴቱን ከፍታ ቴፑን ጆሮዋ ሥር አድርጋ ትተኛለች። ወንድሜ ይህን ሁሉ ለኔ ብሎ ተማረ ብዬ ሳስብ ልቤ ይሞላል ትላለች። አሁን ደግሞ ባቲን ምታልኝ ብላለች። ኸረ እኔ ምን አባቴ ልሁን። ሌብነት የሠራሁት በሁለት ሰው ላይ ነው፤ ከአንዱ ወሰድኩ፣ ሌላዋን አታለልኩ።

ጥር 13፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ሄድኩ። ጋሽ ደ. ሬዲዮ እየበየዱ ነበር። ቆሜ ነገርኳቸው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ቀና አላሉም። ስጨርስ፣ የገዛ እጄን አላውቅም ብለህ ነው? አሉኝ።

ከዚያ ተወው አሉ። ልጅቷ በሰው አገር ናት፣ ያገኘችውን ለምን ትነጥቃታለህ? ማርያምን፣ እኔ አልተቀየምኩም። ለኔ ምቴ ባሕር መሻገሩ ይበቃኛል። እኔ እንኳ አልተሻገርኩም።

ልወጣ ስል አስቆሙኝ። አንድ ነገር ግን ቅር ብሎኛል አሉ። ብትጠይቀኝ ኖሮ እሺ እልህ ነበር። ያን ቀን ሦስተኛው ክር ላልቶ ነበር፤ አጥብቄ፣ ቁጭ ብዬ በወጉ እመታልህ ነበር። ልጅቷ የሰማችው መሞከሪያ ነው።

ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው ጊታሩን ባጣ በአሥር ዓመቱ የሚሰማው ቢያገኝ፣ ያቺን አንዷን ምት እንኳ አዘጋጅቶ እንዳይሰጥ አደረግኩት። በስሜ ያለቀሱት የሳቸው ሰሚዎች ናቸው። እሳቸው ሬዲዮ ይበይዳሉ። እኔ ጎበዙ ወንድም ነኝ።

ጥር 14

ተወው ብለዋል። ባለቤቱ ከተወው ምን አገባኝ? ጠዋት እንዲህ አልኩ፣ እስከ ምሳ ድረስ ሠራልኝ። ከምሳ በኋላ ግን ባቲ መጣችብኝ። ለባቲስ ማንን ልስረቅ? ከባቲ ቀጥሎስ?

ለእማ ነገርኳት። ማሽላዋን እየለቀመች ነበር፣ መልቀሟን አላቆመችም። ከግድግዳ ወዲህ ሆኜ ስሰማህ አራት ዓመቴ አይደል ወይ ልጄ አለችኝ። ካሴቱን ስትሰማ ገና ጠርጥራለች። እና ለምን ኮራሽ? አልኳት። ሰው ፊት ምን ላድርግ፣ የወለድኩህ እኔ አለች። ያኔ ነው መሬት ብትውጠኝ ያልኩት። እናቴንም ሳላውቅ አብራኝ እንድትዋሽ አድርጌያታለሁ። ቆይታ፣ ሰዓዳ ዘፋኝ ስላጣች መሰለህ ጊታር የላከችው? ብላ ሰፌዷን ይዛ ወጣች።

ጥር 15

ጋሽ ደ. ጋ ደግሜ ሄድኩ። ስምዎን ልነግራት ነው አልኩ። ግድ የለም፣ ተው አሉ። አልተውም አልኩ። በሕይወቴ ለእሳቸው እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ነው። መበየጃውን አስቀመጡ። ብየዳው ቀዘቀዘ። ከዚያ፣ በል እንግዲያው ደምሴ ብቻ በላት፣ የጦሩን ነገር አታንሳ አሉ። ስለ ክሩም ንገራት፣ ላልቶ ነበር በላት።

ጥር 16፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ዘይነባ ዛሬ ትሄዳለች፣ መንገዷ ላይ ካሴቱን ልትወስድ ትመጣለች። እማ አልጋው ላይ ቁጭ ብላለች፣ እኔ ወለሉ ላይ። አዲስ ካሴት ከትቼ የመቅጃውን ቁልፍ ተጫንኩ። የሰማሽው የጋሽ ደምሴ እጅ ነው አልኩ። ሳልጠይቃቸው ወስጄ የኔ ነው አልኩሽ። ክሩ ላልቶ ነበር፣ ከዚያ የተሻለ ይችላሉ። ባቲን አልችልም። አምባሰልንም አልችልም። አሁን የምትሰሚው የኔ ነው፣ ለጓደኞችሽ ባታሰሚው አይከፋኝም።

መታሁ። ሁለተኛዋ ድምፅ ላይ ሳትኩ። ቆምኩ፣ እንደገና ጀመርኩ፣ ሳትኩ። መሐል ላይ እማ አሳላት። እስከ መጨረሻው ሄድኩ።

2፡40

መልሼ ሰማሁት። ያሳፍራል፣ ሌላ ቃል የለውም። ጅዳ ያሉት ልጆች ዓርብ ሲሰበሰቡ ሰዓዳ ምን ትላቸዋለች? ጣቴ የመቅጃው ቁልፍ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትንሽ የተሻለ። ራሴን አውቃለሁ፤ አንዷ አሥር ትሆናለች፣ አሥረኛዋ ላይ ሳልልክ እቀራለሁ፣ ክሩ ተበጠሰ እላለሁ።

2፡50

የካሴቱን ጀርባ ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች በቢላ ሰበርኳቸው። እነሱ ከሌሉ ቁልፉ አይጫንም፣ በላዩ መቅዳት አይቻልም። ጋሽ ደ. ቀዳዳው ላይ ፕላስተር ለጥፈው እንደሚቀዱ አውቃለሁ። ቤት ውስጥ ፕላስተር የለም። ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ እማን ሰላም እያለች ነው፣ ልሰጣት ተነሳሁ።