ጥቁር ካፖርት የለበሰችው ልጅ አባት፣ የካፒቴን ሄክተር ፍሌት የሕይወት ጉዞ

ካፒቴን ሄክተር ፍሌት ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ከጄምስ ፍሌትና ከእናታቸው ከክርስቲና ሬይድ፣ በስኮትላንድ ሞሬ ባሕር ዳርቻ በፖርትካሊ መንደር፣ ማርች 9 ቀን 1938 ተወለዱ። በመንደራችን አራት ሄክተር ፍሌት ስለነበሩ፣ ቫዮሊን ከእጃቸው የማይለየው እኚህኛው «ደጋኑ» ተባሉ። ፖስተኛው እስከ ዛሬ በሌላ ስም አያውቃቸውም።

በዐሥራ አምስት ዓመታቸው ትምህርት ጨርሰው በአባታቸው መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ሆኑ። ሾርባቸውን የቀመሱ ሽማግሌዎች እዚህ ስላሉ ስለ እሱ ዝም ማለት ይሻላል። በ1961 ወይዘሪት ጄሚማ ስሌተርን አግብተው እኔን አንድሪውንና እህቴን ኢሶቤልን ወለዱ። በ1969 የ«ጽኑ ተስፋ» መርከብ ካፒቴን ሆኑ። ለመርከቧም ለእኔም የቫዮሊን ዜማ ደረሱ፤ በየዓመቱ የባሕር በዓል ላይ ሁለቱን ሳይጫወቱ ከመድረክ አይወርዱም ነበር። የኢሶቤልን ዜማ ግን «ገና ነው» ይሉ ነበር።

በባሕር ሕግ ቀልድ አያውቁም። ቄስ ለዓሣ አጥማጅ መጥፎ ዕድል ያመጣል ስለሚባል በመርከብ ላይ ስሙ እንኳ አይነሳም፤ ተሳስቶ ያነሳ ክፉው እንዲርቅ ቶሎ ብረት ይነካል። በ1974 ፊልም ሠሪዎች ሲመጡ፣ ቄስ ሆኖ የሚተውነው ሰው ልብሱን እንደለበሰ ዘሎ መርከቧ ላይ ወጣ።

«ያንን ጥቁር ካፖርት አውርዱልኝ!» ብለው አባታችን ጮኹ፤ በባሕር ላይ ቄስን የሚጠሩት በዚህ ስም ነበር።

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔ እኮ ተዋናይ ነኝ!» ቢላቸው፣ «ዓሣው ይህን በምን ያውቃል?» አሉት። ፊልሙ ያለ ቄስ ተቀረጸ።

በ1987 ኢሶቤል ቄስ ሆነች። አባታችን በዚህ ቤተ ክርስቲያን የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው በደስታ አለቀሱ። በማግሥቱ ግን ልጅነቷን ያሳለፈችበት መርከብ ላይ እንዳትወጣ ተከለከለች። ከዚያ በኋላ ወደብ ላይ ቆማ ትባርካቸው ነበር። ሲመለሱም የመጀመሪያውን ዓሣ ከመርከቧ ጠርዝ ላይ አቀብለዋት እጇን ያዝ ያደርጉ ነበር፤ እግሯ ግን አልተሻገረም። ይህ ነገር እኔን ወንድሟን ሁልጊዜ ያንገበግበኝ ነበር።

በ2011 የባሕር በዓል ላይ ማንም የማያውቀውን ዜማ ተጫወቱ። ስሙን ሲጠየቁ «ጥቁር ካፖርት የለበሰችው ልጄ» አሉ። ኢሶቤል ከሕዝቡ መሐል ቆማ ነበር። በማግሥቱም እንደ ልማዳቸው ወደብ ላይ ትተዋት ወጡ።

ካፒቴን ሄክተር ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኦክቶበር 14 ቀን 2021 በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። ከሁለት ልጆቻቸው አምስት የልጅ ልጆች አይተዋል። እናታችን ከስድስት ዓመት በፊት ቀድመዋቸው፣ ከሞሬ ባሕረ ሰላጤ ማዶ በተወለዱበት መንደር ተቀብረዋል።

ከቫዮሊናቸው ሣጥን ውስጥ በእጃቸው የተጻፈ ወረቀት አገኘን፦ «በመርከቤ በጽኑ ተስፋ ወደ ጄሚማ ውሰዱኝ። ኢሶቤል ከእኔ ጋር ትሳፈር፤ የፈራ ብረት ይንካ።»

መርከቧ ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ትነሣለች። መርከበኞቹ የሚነኩትን ብረት ከወዲሁ መርጠዋል። እኔ ግን እጄ ሥራ አለው፤ እህቴን ደግፌ አሳፍራለሁ።

ማዕበሉን የሚገሥጸው አምላክ ነፍሳቸውን ነፋስ ከማይደርስበት ወደብ ያሳርፍልን። አሜን።