የጳጉሜ ዝናብ የት ገባ?

ጥቅምት 4፣ ከጧቱ 3 ሰ.

ገጽ 31 ላይ ነን። እትዬ አስካለ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ እተይባለሁ። የጽ/ቤቱ ታይፒስት ናቸው። የሚያነቡት ምን እንደሆነ አያውቁም፣ ግን ነጥብ አያልፉም። የዝናብ መረጃ የሚያሰላው ፕሮግራም የመጣው በዲስኬት ነበር። የመቱ እርጥበት ዲስኬቱን አሻገተው። የተረፈን አብሮ የተላከው ወረቀት ብቻ፤ 58 ገጽ፣ ፎርትራን በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ። እና ከወረቀት ወደ ማሽን፣ ፊደል በፊደል። ማስታወሻዬ፣ አትሳቅብኝ።

ለጄኔሬተሩ ያለን ናፍጣ በቀን ለሦስት ሰዓት ነው። 6 ሰ. ላይ ይጠፋል።

ጥቅምት 9

ተየብን፣ ጨረስን። ኮምፓይል አደረግኩት፤ ማሽኑ ጽሑፉን ወደ ራሱ ቋንቋ ይለውጥ ማለት ነው። 114 ስህተት። እትዬ አስካለ ተቀየሙ፣ ንባባቸው የተነቀፈ መሰላቸው። አብዛኛው የኔ ነው። ዜሮንና ኦ የምትባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል አምታትቻለሁ።

ጥቅምት 12

40 ስህተት። 5 ሰ. ላይ 7። ከዚያ ዜሮ! ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ያለውን ምሳሌ ሞከርኩ፤ ከታተመው መልስ ጋር አንድ ነው። ደስ አለኝ። ለእትዬ አስካለ ሻይ በፓስቲ። ኃላፊያችን ጓድ መርጊያ ገብተው አዩ፤ ከአዲስ አበባ ለሚመጡ እንግዶች ይታያል አሉ።

ጥቅምት 16

የዝናብ መረጃ እያስገባሁ ነው። ሦስት ጣቢያ፦ መቱ፣ ጎሬ፣ ያዮ። አዲሱ የቡና ችግኝ የት እንደሚተከል የሚወሰነው በዚህ ነው። መቱና ጎሬ የጳጉሜን ዝናብ ነሐሴ ላይ ይደምራሉ። የመንግሥት ሠራተኛ ልማድ፤ ለጳጉሜ ለብቻዋ ደመወዝ ያየ የለም። የያዮው ዝናብ ለኪ ጋሼ ዳባ ግን ለብቻዋ ይጽፏታል። ማሽኑ 13ኛ ወር ሲመጣበት ቆመ። ፈረንጅ የጻፈው ነው፣ ምን ያድርግ።

ገጽ 6 ላይ የወሮቹን ብዛት 12 የሚለውን 13 አደረግኩ። አንድ ቁጥር ናት ብዬ እትዬ አስካለን ለንባብ አልጠራኋቸውም። እንደገና ኮምፓይል። ሠራ።

ጥቅምት 17

ውጤት ወጣ። ፕሮግራሙ ጣቢያዎቹን ያነጻጽርና የማይመስል ቁጥር ላይ ኮከብ ያደርጋል። ያዮ በየዓመቱ ኮከብ አለበት፦ ነሐሴ ያነሰ፣ መስከረም የበዛ። ጓድ መርጊያ ሰውየው ቤቱ ተኝቶ ነው የሚጽፈው አሉ። ቀጥለው አሻጥር አሉ። አምና በዚህ ቃል የተወሰደው የመጋዘን ሠራተኛ እስካሁን አልተመለሰም።

ደብዳቤ ተተየበ፦ ጋሼ ዳባ ከሥራ ታግደው ለምርመራ ይቅረቡ። ባለሙያ ነህና ፈርም ተባልኩ። ፈረምኩ።

ጥቅምት 23

ጋሼ ዳባ በቡና መኪና ተጭነው ከያዮ መጡ። ደብተራቸው በላስቲክ ተጠቅልሏል። አልተቆጡም። አካም ቡልታኒ ብለው ሁላችንንም ጨበጡ፣ እኔንም ጭምር። «እኔ ቦካ አልፈጥርም፣ የወረደውን እጽፋለሁ እንጂ።» ዝናቡን ማለታቸው ነው። ጳጉሜን ለምን ለብቻዋ እንደሚጽፉ ጠየቅኳቸው። በጳጉሜ ስለዘነበ አሉ።

ምርመራው ከሦስት ቀን በኋላ። እስከዚያ ከመቱ እንዳይወጡ ተነገራቸው።

ጥቅምት 24

ደብተራቸውን በእርሳስ ደመርኩ። ጳጉሜ ከነሐሴ ጋር ሲደመር ከጎሬ ብዙም አይርቅም። ኮከብ የሚያሰጥ ነገር የለም።

እትዬ አስካለን ጠራኋቸው። አሁን ማሽኑ ላይ ያለውን ያንብቡልኝ አልኩ፣ እኔ በወረቀቱ ተከታተልኩ። ገጽ 6፤ 13 ብለው አነበቡ። ገጽ 44፤ 12 ብለው አነበቡ። አስቆምኳቸው። መቀየር የነበረበት ሁለት ቦታ ነው፣ እኔ አንዱን ብቻ ቀይሬያለሁ። ማሽኑ ጳጉሜን ተቀበለ፣ የሚያስቀምጥበት ቦታ ግን ለ12 ወር ብቻ ነው። ስለዚህ ዝናቡን ወስዶ በሚቀጥለው መስከረም ላይ ደመረው። ምንም ስህተት አላለም። ጋሼ ዳባ አልዋሹም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

5 ሰ. — ለጓድ መርጊያ ነገርኳቸው። በሩን ዘጉ። ማሽን አይሳሳትም፣ እንግዶቹም በዚህ ሳምንት ይገባሉ አሉ። ማሽኑ አልተሳሳተም አልኩ። ታዲያ ማነው አሉ። ለአንድ ሽማግሌ ብለህ ራስህን እሳት ውስጥ አትክተት ብለው አሰናበቱኝ። ማስታወሻዬ፣ ፈራሁ። የመጋዘኑ ሠራተኛ ሚስት ዛሬም በራፋችን ላይ ጎመን ስትሸጥ አይቻለሁ።

ጥቅምት 25፣ ከጧቱ 3 ሰ.

ገጽ 44ን አስተካከልኩ። ኮምፓይል። ዜሮ ስህተት። ያዮ ያለ ኮከብ ወጣ። ውጤቱን ከጋሼ ዳባ ደብተር ጋር አያያዝኩት።

ከዚያ እትዬ አስካለ ጋሼ ዳባ የታገዱበትን ደብዳቤ የካርቦን ቅጂ ከፋይል እንዲያወጡልኝ ጠየቅኩ። እንዳለ ይተየብ፣ ስሙ ብቻ ይቀየር አልኩ። በማን ስም አሉ። በኔ።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ወረቀት አስገቡ። ሲጨርሱ ጮክ ብለው እንዲያነቡልኝ ለመንኳቸው። ድምፃቸው ሁለት ጊዜ ተቆራረጠ። የተከሳሽ ስም ያለው ሁለት ቦታ ነው። ሁለቱንም ቀይረዋል። ፈረምኩ።